ወስፋት ዘንድሮ ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም? የሆድ ትልን ከዓመት ዓመት የመቁጠር ሥራ

አማርኛ ወስፋትን ከትልነት አሳልፎ የሆድ ባለቤት አድርጎታል። ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» እንላለን፤ የሚያስጠላ ነገር አይተን እህል አልወርድ ሲለን ደግሞ «ወስፋቴ ተዘጋ» እንላለን። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ ወስፋት የሌለበት ሰው አይፈጠርም የሚሉ ዕድሜ ጠገብ ሰዎች ዛሬም አይጠፉም። ይሁንና በየትምህርት ቤቱ የትል መድኃኒት መሰጠት ከጀመረ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ «የሆድ ትል ቀንሷል» የሚል ዜና አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህ ጽሑፍ «ቀንሷል» የሚለው ቃል በምን ዓይነት ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ እንደሚነገር ያብራራል።

ባለፈው ኅዳር ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ በአባ ሳሙኤል ግድብ አቅጣጫ ባለ አንድ መንደር፣ ናሙና ሰብሳቢዎች ክዳን ያላቸውን ትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃዎች በየቤቱ ሲያድሉ አብሬ ነበርሁ። አንዲት እናት ዕቃውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «አምናም ሰጥተን ነበር እኮ፣ ልጄ። የአምናው ምን ጎደለውና ነው ዘንድሮ ደግሞ የመጣችሁት?» አሉ። ወጣቱ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጥቂት አሰበና «እናቴ፣ የዘንድሮው ከሌለ የአምናው ብቻውን ብዙ አይናገርም» አላቸው። በመልሱ የረኩ አይመስሉም ነበር። እኔ ግን የወጣቱ መልስ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሊያብራራው ጊዜ ብቻ አላገኘም።

የምንከታተላቸው የትኞቹን ትሎች ነው?

በሰው አንጀት ውስጥ ተጠግተው የሚኖሩ ፍጥረታት ብዙ ዓይነት ናቸው። በቆጠራው ሥራ ዋነኞቹ በአፈር አማካይነት የሚተላለፉት ሦስቱ ናቸው፤ እነርሱም ወስፋት፣ ጅራፍ የሚመስለው ትሪኩሪስ እና መንጠቆ ትል ይባላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በእነዚህና በመሰሎቻቸው የተያዘው ሕዝብ በዓለም ላይ 1.5 ቢሊዮን ገደማ እንደሆነ ይገምታል። የወስፋትና የትሪኩሪስ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ከበሰለ በኋላ፣ ባልታጠበ እጅ ወይም ባልበሰለ አትክልት ተመልሶ ወደ አፍ ይገባል። የመንጠቆ ትል እጭ ግን የሚገባው በባዶ እግር ቆዳ በኩል ነው። ከውኃ የሚመጣው ቢልሃርዚያ እና ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል የራሳቸው መንገድና የራሳቸው የመቆጣጠሪያ ዘዴ አላቸው። የኮሶ ትል እንዲያውም ቁርጥራጩ በራሱ እየወጣ ለባለቤቱ ስለሚታየው፣ ከላቦራቶሪው ይልቅ ቁርጥ ወዳዱ ራሱ ቀድሞ ያውቀዋል።

አንድ ጊዜ ቆጥሮ መጨረስ ለምን አይቻልም?

ጤና ኬላ ሄዶ ሕፃን ያስመዘነ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ልጁ ዛሬ ስምንት ኪሎ መሆኑ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በካርዱ ላይ የምትመለከተው ነጥቦቹን የሚያገናኘው መስመር ወደ ላይ መውጣቱን ወይም መቆሙን ነው። የትል ቆጠራም እንደዚሁ ነው። በአንድ ቀበሌ ከመቶ ሰው 40ው ተይዞ መገኘቱ ዘንድሮ ስንት መድኃኒት እንደሚያስፈልግ ይነግረናል፤ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ስለመሆኑ፣ መጸዳጃ ቤት መቆፈሩ ለውጥ ስለማምጣቱ ግን አይነግረንም።

ይህን ለማወቅ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ፣ በዚያው ዘዴ፣ በዚያው ወቅት እንደገና መቁጠር ግድ ነው። እህል የሚሸጥ ገበሬ አምና በአንዱ ቁና፣ ዘንድሮ በሌላ ቁና ሰፍሮ ምርቴ ጨመረ ቢል የሚያምነው የለም። ብዙ ጊዜ ያልገባን ነገር፣ ሁለት የጥናት ቁጥሮች ሲነጻጸሩ ሁለቱም በአንድ ቁና ተሰፍረው እንደሆነ መጠየቅ እንዳለብን ነው።

ለመሆኑ ቁናው ምን ይመስላል?

በጤና ጣቢያ የተለመደው የሰገራ ምርመራ፣ በእንጨት ጫፍ ጥቂት ናሙና ወስዶ በጨው ውኃ በጥብጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይህ ዘዴ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ የሚታየው ናሙና ግን 2 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ለክትትል ሥራ የሚውለው ካቶ ካትዝ የሚባለው ዘዴ ነው። ባለሙያው ናሙናውን በወንፊት አጣርቶ፣ መካከሉ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ቀዳዳው እስኪሞላ ይጠቀጥቀዋል፤ ቀዳዳው የሚይዘው 41.7 ሚሊ ግራም ነው። ሰሌዳውን ሲያነሳው መስታወቱ ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ይቀራል። በዚያ ላይ በግሊሰሪንና በአረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሴሎፎን አልብሶ፣ ገልብጦ ይጫነዋል። ግሊሰሪኑ ቆሻሻውን እንደ መስታወት ሲያጠራው እንቁላሎቹ ብቻ ጎልተው ይታያሉ። የተቆጠረው በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ዓይነ ምድር ውስጥ ያለው የእንቁላል ብዛት ይገኛል።

ልዩነቱ በሒሳብ ቢታይ ይሻላል። በግራም 240 እንቁላል ያለበት ሰው እናስብ። በ2 ሚሊ ግራም ናሙና ውስጥ በአማካይ ሊገኝ የሚችለው ግማሽ እንቁላል እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ይህ ሰው በጤና ጣቢያው «ምንም አልታየም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በ41.7 ሚሊ ግራሙ ግን አሥር ያህል እንቁላል ይጠበቃል። አንድ ጥናት አምና በመጀመሪያው ዘዴ፣ ዘንድሮ በሁለተኛው ቢሠራ፣ በመንደሩ አንድም ትል ሳይጨመር «ስርጭቱ እጥፍ ሆነ» ተብሎ ሊጻፍ ነው ማለት ነው። የትሉን የዘር ቅንጣት የሚለየው ፒሲአርም ከካቶ ካትዝ የበለጠ ስለሚያይ፣ አንድ ፕሮግራም ወደ እርሱ ሲሸጋገር ይኸው ችግር ይገጥመዋል።

ካቶ ካትዝም የራሱ ጣጣ አለው። የመንጠቆ ትል እንቁላል ስስ ቅርፊት ስላለው፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተነበበ ግሊሰሪኑ እርሱንም አጥርቶ ያጠፋዋል። ባየሁት ጉዞ ማይክሮስኮፑ በአንድ ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ናሙናው ከተማ እስኪደርስና ተራ እስኪያገኝ ቢጠበቅ ኖሮ ወስፋቱ ተቆጥሮ መንጠቆው ይጠፋ ነበር። ሌላው ጣጣ የሰው ነው። ዕቃ ተሰጥቷቸው ናሙና ያልመጣላቸው ልጆች ከጓደኛቸው ተካፍለው ያመጣሉ። ሦስት ዕቃዎች በመልክም በይዘትም አንድ ሲሆኑ ልምድ ያለው ባለሙያ ፈገግ ብሎ ሦስቱንም ይመልሳቸዋል፤ ልምድ የሌለው ግን አንዱን ልጅ ሦስት ጊዜ ይቆጥረዋል።

«ስንት ሰው ተያዘ» እና «ስንት ትል አለበት» አንድ አይደሉም?

አይደሉም፤ የብዙው ግራ መጋባት ምንጭም እዚህ ላይ ነው። ከመቶ ሰው ስንቱ ተይዞ ተገኘ የሚለው የስርጭት መጠን ይባላል። እያንዳንዱ የተያዘ ሰው ምን ያህል ትል ተሸክሟል የሚለው ደግሞ የጫና መጠን ነው። ትሉን ራሱን መቁጠር ስለማይቻል በግራም የሚገኘው እንቁላል ምትክ ሆኖ ያገለግላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአወጣው ደረጃ፣ የወስፋት ጫና በግራም እስከ 4,999 እንቁላል ድረስ ቀላል፣ ከ5,000 እስከ 49,999 መካከለኛ፣ 50,000 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል የምትጥል በመሆኗ እነዚህ ቁጥሮች የተጋነኑ አይደሉም።

የሚጎዳው በዋናነት ጫናው ነው። ጥቂት ትል ያለበት ልጅ ሳያውቀው ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ትል የተሸከመው ግን ዕድገቱ ይጓተታል፣ አንጀቱ እስከ መዘጋት ሊደርስ ይችላል፤ መንጠቆ ትል ከሆነም ደም ያንሰዋል። ትሎች በመንደሩ ሰዎች መካከል እኩል አይከፋፈሉም። ብዙውን ጊዜ ከነዋሪው አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆነው ሰው ከጠቅላላው ትል አብዛኛውን ተሸክሞ ይገኛል፤ ቀሪው ጥቂት ጥቂት አለበት ወይም ጨርሶ የለበትም።

ለምሳሌ 200 ልጆች ያሉበት ትምህርት ቤት እናስብ። አምና 80ው ተይዘው፣ ከእነርሱ 24ቱ መካከለኛና ከባድ ጫና ነበረባቸው። ዘንድሮ 76ቱ ተይዘው ተገኙ፤ መካከለኛና ከባድ ጫና ያለባቸው ግን አራት ብቻ ሆኑ። ስርጭቱን ብቻ የሚያይ ሰው ከ40 ወደ 38 በመቶ ወረደ፣ ማለትም ምንም አልተለወጠም ይላል። ይህ በእኔ አስተያየት ትልቅ ስሕተት ነው፤ 20 ልጆች ከሕመም ወጥተዋልና። በተቃራኒው ደግሞ የሁለት በመቶውን ቅናሽ ይዞ ደስ የሚለው ሰውም ተሳስቷል። በ200 ሰው ናሙና 40 በመቶ ሲባል እውነተኛው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም ሰባት ነጥብ ያህል ሊርቅ ስለሚችል፣ ሁለት ነጥብ ከዕድል ጨዋታ አይለይም።

መድኃኒት ተሰጥቶ ለምን ይመለሳል?

የጤፍ ማሳ ያረመ ሰው ያውቀዋል። አረሙ ቢነቀልም ዘሩ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። በትምህርት ቤት የሚሰጠው 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ወይም 500 ሚሊ ግራም ሜቤንዳዞል በሆድ ውስጥ ያለውን ትል ያስወጣል፤ በጓሮ አፈር ላይ ያለውን እንቁላል ግን አይነካውም። የወስፋት እንቁላል ደግሞ በሚመቸው አፈር ውስጥ ዓመታት መቆየት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ከብዙ አገሮች የመጡ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ እንዳሳየው፣ ከሕክምና በኋላ በስድስት ወር ውስጥ የወስፋት ስርጭት ቀድሞ ከነበረበት 68 በመቶ ያህሉ ላይ፣ በዓመት ውስጥ ደግሞ 94 በመቶው ላይ ይደርሳል። ይህ በቀላል አነጋገር፣ ከመቶ 40 ሰው ተይዞበት የነበረ መንደር መድኃኒት ከዋጠ ከዓመት በኋላ ወደ 38 ተመልሶ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህን ዳግም መያዝ ይሉታል።

ታዲያ መድኃኒቱ ከንቱ ነው? አይደለም፤ በመካከሉ ባሉት ወራት ልጁ ቀሎት ያድጋል፣ የሚመለሰውም ትል መጀመሪያ ላይ ጥቂት ነው። ነገር ግን ቆጣሪው መድኃኒት በተሰጠ በወሩ መጥቶ ከቆጠረ ድንቅ ውጤት ያገኛል፤ በዓመቱ መጥቶ ከቆጠረ ደግሞ «ምንም አልሠራም» ይላል። ሁለቱም የሚያዩት አንዱን መንደር ነው።

ወቅቱም እንዲሁ ይለያያል። የወስፋት እንቁላል አፈር ላይ ከወደቀ በኋላ ለመብሰል ሳምንታት ይፈልጋል፤ ከተዋጠ በኋላም እጩ በደም በኩል ወደ ሳንባ ዞሮ፣ ተመልሶ አንጀት ገብቶ፣ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስድበታል። በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ሲጫወት የተያዘ ልጅ በመስከረም ቢመረመር ነጻ ይመስላል፤ በኅዳር ግን ይታይበታል። የመንደሩ ቆጠራ አምናም ዘንድሮም በኅዳር የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም።

ማንን መቁጠር ይሻላል?

ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚገኙ እነርሱን መቁጠር ይቀላል፤ ወስፋትና ትሪኩሪስም በብዛት የሚገኙት በእነርሱ ላይ ነው። መንጠቆ ትል ግን ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በትምህርት ቤት ብቻ የሚቆጥር ሰው አራሹን አባትና ኩበት የምትጠፈጥፈውን እናት አያያቸውም። በወላይታ የተጀመረው ገሺያሮ የተባለው ፕሮጀክት ተማሪዎችን ብቻ ሳይሆን መላውን ነዋሪ ያከመውና የተከታተለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕፃናትን ለይቶ መቁጠር ምን ያህል እንደሚናገር የሚያሳይ የቆየ የአገራችን ምሳሌ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ከታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ እንደሚገድል ደረሱበት። ኋላም በዚያው ከተማ እንዶድ ወንዝ ውስጥ እየተጨመረ ለአምስት ዓመት በተደረገ ሙከራ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ትልቁ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት የያዘውን ትል ተሸክሞ ሊቆይ ይችላል፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ላይ የሚገኝ ትል ግን ከሦስት ዓመት በላይ ሊያረጅ አይችልም። ስለዚህ ሕፃኑ በመንደሩ ዛሬ እየተካሄደ ያለውን መተላለፍ ያሳያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስማቸውን የያዘው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬም በዚህ ዘርፍ ይሠራል።

የአዲስ አበባ ዳርቻ ምኑ ይለያል?

መጀመሪያ ከፍታው ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ሙቀት የሚወደው መንጠቆ ትል እንደ ቆላው አይመቸውም፤ ወስፋትና ትሪኩሪስ ግን ደጋውን ይችሉታል።

ሁለተኛው ውኃው ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ ይዘው ይወርዳሉ፤ በዳርቻቸውም ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በዚያው ውኃ ይለማል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጥሬ ለሚበላ አትክልት የሚውል የመስኖ ውኃ በሊትር ከአንድ የትል እንቁላል በላይ እንዳይኖረው ይላል። መሐል ከተማ ከሚገኝ ቤት የወጣ እንቁላል በወንዙ ወርዶ፣ በአትክልተኛው እጅ አልፎ፣ በሰላጣ ተጠቅልሎ ወደዚያው ከተማ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ጎመኑ ስለሚቀቀል ብዙም አያሳስብም።

ሦስተኛው፣ ለቆጠራው ሥራ ከሁሉም የከበደው፣ ሰው የማይረጋ መሆኑ ነው። አምና የጤፍ ማሳ የነበረው ዘንድሮ ባለ ቆርቆሮ ቤት ሰፈር ይሆናል፤ ነባሩ ገበሬ ይለቃል፣ ከልዩ ልዩ ክልል የመጣ የቀን ሠራተኛ ይገባል። አምና የተቆጠሩት 200 ሰዎች ዘንድሮ ሲፈለጉ ምናልባት 130ው ብቻ ይገኛሉ፤ የለቀቁት ደግሞ መሬታቸው የተወሰደባቸውና ብዙ ትል የነበረባቸው ድኾች ከሆኑ፣ ማንም ሳይታከም ስርጭቱ የቀነሰ ይመስላል። ከቆላ የመጣ ሠራተኛ ደግሞ ቢልሃርዚያን ወይም መንጠቆ ትልን ይዞ ቢገኝ በሽታው እዚህ እየተዛመተ ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ነው በመጠይቁ ላይ «እዚህ ከገቡ ስንት ጊዜዎ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው።

አሜባና ጃርዲያስ?

እነዚህ ትሎች አይደሉም፤ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። በትምህርት ቤት የሚሰጠው አንድ ክኒን አያጠፋቸውም። በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ «አሜባ» ተብሎ የሚጻፈውን ቁጥር ለክትትል መጠቀምም አደገኛ ነው፤ በሽታ የሚያመጣው አሜባና ምንም የማያደርገው ወንድሙ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉና።

ቁጥሩ ምን ይወሰንበታል?

በስርጭቱ መጠን መድኃኒቱ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ይወሰናል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ስርጭቱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት ቦታ በዓመት አንድ ጊዜ፣ 50 በመቶ በደረሰበት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ፕሮግራሟን የጀመረችው ስርጭቱን በካርታ ለይታ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የተያዘው ግብ ደግሞ በጫናው ይለካል፤ መካከለኛና ከባድ ጫና ያለበት ሰው ከሁለት በመቶ በታች እንዲሆን ነው።

ሌላው የመድኃኒቱ ጉልበት ነው። ሕክምና ከተሰጠ ከ14 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ተቆጥሮ፣ የእንቁላሉ ብዛት በስንት በመቶ እንደቀነሰ ይታያል፤ ለአልቤንዳዞል በወስፋት ላይ የሚጠበቀው 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው፣ በትሪኩሪስ ላይ ግን 50 በመቶ ብቻ። ይህ ቅናሽ ከዓመት ዓመት እያነሰ ከመጣ ትሉ መድኃኒቱን መላመዱ ሊሆን ይችላል። የበግ ትሎች በዚሁ ዝርያ መድኃኒት ላይ መላመዳቸው በብዙ አገር የታወቀ ስለሆነ፣ በሰው ላይ አይመጣም ብሎ መዘናጋት አይቻልም።

ያቺ መንደር ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ዕቃዎቹ ተሰብስበው ሲመጡ፣ እናቲቱ የራሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ራሳቸው አመጡት። ባለሙያው ክዳኑ ላይ የአምናውን ቁጥር ከመዝገቡ አይቶ ጻፈበት። «የአምናው ውጤት ግን ምን ሆነ?» አሉት። መዝገቡን ገልጦ «ወስፋት ነበረብዎ፤ ቀላል ነው፤ ክኒን ወስደዋል» አላቸው። «ይህንን እኮ አምና ማንም አልነገረኝም» አሉና፣ የዘንድሮውን ሳይሰሙ ላለመሄድ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር፣ ጥላው ላይ ተቀመጡ።